በጎናቸው የሚራመዱት አባት

ወልደተንሣኤ የሰላ ድንጋይ ሰው ነው። ዜማ ሊማር አንኮበር ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ከዘጠኙ ስምንቱን ያሳለፈው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። ቃሉን በቃሉ ይወጣዋል፣ ምልክቱንም ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥረዋል። ጣጣው ድምፁ ነው። አፉን ከፍቶ “ሃሌ ሉያ” ለማለት ገና ሲያስብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሥር የሚኖሩት ርግቦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደብረ ብርሃን ይሰደዳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ርግብ ልከው ዝም ማለቱን ሳያረጋግጡም አይመለሱም።

ሰላ ድንጋይ ያለው አባቱ ይህን አያውቅም። ልጁ መሪጌታ ሆኖ እንደሚመለስ ላገሩ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ለሰንበቴ በተሰበሰቡ ቁጥር ከአጠገቡ አንድ መቀመጫ ባዶውን ያስቀምጣል። ሰው አረፍ ልበል ሲል “ተው ወንድሜ፣ የመሪጌታ ነው” ይላል።

እግዜር ግን ባንድ እጁ የነሳውን በሌላው ይክሳል። ወልደተንሣኤ እጅ አለው። በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ የሚንጠባጠበውን የጧፍ ሰም እየፋቀ የሚያነሳው እሱ ስለሆነ፣ ግማሹን ጧፍ ለሚያበጁት ለእማሆይ ደመቀች ያስረክባል፤ ግማሹ በደንቡ የድካሙ ነው። ከዚያች ሰም የማይሠራው ነገር አልነበረም። አንዴ ግልገል አበጅቶ ደጃፉ ላይ ቢያኖራት፣ የጎረቤት በግ “ልጄን ጥዬማ አልሄድም” ብላ ሁለት ቀን አልነቃነቅ አለች ይባላል። የበጓ ባለቤት ግን ወሬ አይወድምና አንድ ቀን ብቻ ነው ይላል።

ነገሩ የተጀመረው በእንቅልፍ ነው። በኅዳር መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ በወይራው ጥላ ተኮልኩሎ ያዜማል፤ መምህሩ የኔታ ገብረ ሕይወት ዱላቸውን ይዘው በመሃል ይዘዋወራሉ። ወልደተንሣኤ ያንቀላፋል። ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ የኔታ ከወይራው ሥር ናቸው። ከደነ። ሲገልጥ ከካቡ ዘንድ ናቸው። ከደነ። ሲገልጥ ከጓደኛው ከታመነ ጀርባ ናቸው። እግራቸውን ሲያነሱ አላየም፤ ሆኖም ሲመጡ በግልጽ እያያቸው ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ቢገልጥ ከራሱ በላይ ናቸው፣ ዱላውም አብሯቸው አለ።

ሌላ ተማሪ ቢሆን “ወይኔ!” ብሎ ይጮኽ ነበር። ወልደተንሣኤ ግን ጀርባውን እያሻሸ፣

“ገባኝ!” አለ።

የኔታ ዜማው የገባው መስሏቸው ወደ ሰማይ ቀና ብለው አማተቡ። “በዘጠነኛው ዓመት! ተመስገን!”

ከትምህርቱ ሲለቀቁ ሁለቱን ጓደኞቹን ወደ ጎጆው ጎትቶ አስገባ። አንዱ ታመነ ነው፤ የደነባ ልጅ፣ ድምፁ የወልደተንሣኤን ድርሻ ጨምሮ የወሰደ። ሌላው የአረርቲው ጣሰው ነው። ጣሰው በትምህርቱ እምብዛም ነው፤ በልመና ግን ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን አቻ የለውም። እሱ “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ የቆመበት ደጅ ሳይሰጥ አያሳልፈውም፤ ባለቤቲቱ ቁራሽ፣ ውሻዋ ንክሻ። ባቱን ያየ ሰው የሸዋ ውሾች በሙሉ ተሰብስበው ማኅተማቸውን ያሳረፉበት ይመስለዋል።

“ስሙኝ” አለ ወልደተንሣኤ። “ከሰም ሰው እንሠራለን፤ ክንዱ የሚታጠፍ፣ ጉልበቱ የሚታጠፍ። ተመልካቹ ዓይኑን ሲከድን ጥቂት እናንቀሳቅሰዋለን። ሲገልጥ እኛ የለንም፤ ተደብቀናል። ደግሞ ሲከድን ጥቂት እንጨምርበታለን። ሰውዬው ሲሄድ ያያል እንጂ ስንነካው አያይም።”

“ማን ነው ተነስቶ ዓይኑን የሚከድንልህ?” አለ ታመነ።

“አንተ ታስከድነዋለህ። በመቋሚያህ ድንጋይ ላይ አንድ ስትመታ ይከድናል፣ ሁለት ስትመታ ይገልጣል።”

“እኔ እንኳ ሳትመቱም እከድናለሁ” አለ ጣሰው። “ስገልጥ የሚበላ ነገር አምጡልኝ እንጂ።”

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አጥንቱን ከክትክታ ጭራሮ ሠሩት፤ መገጣጠሚያውን በፈረስ ጭራ አሰሩት፤ ሥጋውን በሰም ለበጡት። ቁመቱ አንድ ክንድ ሆነ። ዓይኑን ከእንቁላል ቅርፊት አበጅተው መሃሉ ላይ የጥላሸት ነጥብ አኖሩበት። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበረና ጣሰው ቅርፊቱን ይዞ ሲመጣ ውስጡ ወዴት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም።

ክፉ ጠላታቸው ብርዱ ነበር። የአንኮበር ታኅሣሥ እንኳን ሰም ሐሳብም ያደርቃል። የደረቀ ሰም ደግሞ ጉልበቱን እጠፍ ሲሉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድቡልቡል ሰም በብብታቸው ይዘው ትምህርት መዋል ጀመሩ። የኔታ ሦስት ተማሪዎች ክንዳቸውን እንደ ታሰረ ዶሮ ጎናቸው ላይ አጣብቀው ሲያዜሙ አይተው፣ “ምን ሆናችሁ?” ቢሉ፣ “ብርድ ነው የኔታ” አሏቸው። ውሸት አልነበረም፤ ብርድ የገባው ግን ሰሙን ነው።

መጀመሪያ ያበጁት ሦስት ነበር፤ አንድ ለማኝ ተማሪ፣ አንድ ውሻ፣ አንድ ንፉግ ባላገር። ንፉጉን ሲሠሩ ማሰብም አላስፈለጋቸው። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በግድግዳው ሥዕል ላይ ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎኑ ስለሚሳል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሕፃን ሳይቀር ዓይን ቆጥሮ ማንን እንደሚረግም ያውቃል። ስለዚህ ለንፉጉ አንድ ዓይን ብቻ ሰኩለት፤ “ቅርፊትም ይቆጥብልናል” አለ ጣሰው።

የመጀመሪያዋ ተመልካች እማሆይ ደመቀች ነበሩ፤ እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው ከጎጆዋ ጫፍ ተቀመጡ። ጎጆዋ ጠባብ ስለነበረች የሰሙ ሰዎች የሚሄዱበትን ሳንቃ በቁመቱ ነበር የዘረጉት፤ ሰሙ ተማሪ ከወዲያ ጫፍ ተነስቶ ፊት ለፊት ወደ እሳቸው ይመጣል።

“አንድ ዓይኔን ብቻ ብከድንስ?” አሉ እማሆይ።

“ሁለቱንም እማሆይ።”

“ሁለቱንም ከድኜ እናንተ ምን እንደምትሠሩ በምን አውቃለሁ?”

“እንዳያውቁ እኮ ነው!”

ታመነ መታ፤ ከደኑ። መታ መታ፤ ገለጡ። ተማሪው አንድ እርምጃ ቀርቧል። መታ፤ መታ መታ። ሌላ እርምጃ። አምስተኛው ላይ እማሆይ መስቀላቸውን ጨበጡ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እጁን ለልመና ዘርግቶ ከጉልበታቸው ሥር ሲደርስ፣ እንዝርቱን ግንባሩ ላይ ወረወሩበትና “ሰሙ ነፍስ ዘራ!” እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት እንደዚያ ሲሮጡ ያየ ሁሉ ተአምሩን ሳይጠይቅ አመነ።

ወሬ እንደሆነ በአንኮበር ቁልቁለት ሲወርድ እንደ ድንጋይ እየፈጠነ፣ እንደ ጭቃ እየወፈረ ነው። ገበያ ሲደርስ የሰሙ ሰዎች አሥር ሆኑ። አልዩ አምባ ሲደርስ አርባ ሆነው ጎራዴ ታጠቁ። ደነባ ላይ አንድ ሠንጋ በልተዋል ተባለ። አረርቲ ሲገባማ ግብር ማስከፈል ጀምረው ነበር፤ ሁለት ሰዎችም “እኔ ከፍያለሁ” ብለው ይምላሉ።

የኔታ ወልደተንሣኤን አስጠሩት።

“ሰም ነው ወይስ ሰው?”

“ሰም ነው የኔታ።”

“ይሄዳል?”

“አይሄድም የኔታ።”

“እማሆይ ሲሄድ አይቼዋለሁ ብለዋል።”

“እሳቸው ዓይናቸውን ሲከድኑ ነው የሚሄደው።”

“ዓይናቸውን ከከደኑ በምን አዩት?”

ወልደተንሣኤ አሰበበት። “ሲሄድ አላዩትም፤ ሲገልጡ ደርሶ ነው የሚያገኙት። ያዩት ግን ይመስላቸዋል።”

“የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሳየት የማን ሥራ ነው?”

ወልደተንሣኤ በብብቱ የያዘውን ሰም ጠበቅ አደረገ።

“እንግዲህ” አሉ የኔታ፣ “የገና ማግስት እዚሁ ግቢ፣ አገር በተሰበሰበበት ታሳያላችሁ። እኔም ተቀምጬ አያለሁ። ድግምት ካለበት ደበሎህን ይዘህ ትወጣለህ። ከአንኮበር ብቻ እንዳይመስልህ፤ በየትኛውም ደብር ብትሄድ ቃሌ ቀድሞህ ይደርሳል። ድግምተኛ የሚያስተምር መምህር የለም።”

“ጓደኞቼስ የኔታ?”

“ጣሰውን ባባርረው ውሾቹ ያዝኑብኛል። ሰሙ ያንተ ነው፤ የምትሄደውም አንተ ነህ።”

ወልደተንሣኤ ወደ ጎጆው የተመለሰው እግሩ ሰም የሆነ ይመስል ነበር። ዘጠኝ ዓመት! ድምፁ ባያምርም ቃሉን ሁሉ ይዟል፤ አንድ ሁለት ዓመት ቢታገሡት መሪጌታ ባይባል እንኳ አጠገቡ ይደርሳል። አሁን በድግምተኛነት ቢባረር፣ ለአባቱ ምን ብሎ ይነግረዋል? “ተባረርኩ” ማለት ይቻላል። “በሰም ምክንያት ተባረርኩ” ግን እንዴት ይባላል?

“መፍትሔ አለኝ” አለ ታመነ። “ጨዋታው ውስጥ አንድ ጻድቅ አባት እናስገባ። ውሻውን ይገሥጻሉ፣ ንፉጉን ይመክራሉ፣ ተማሪውን ያስበላሉ። ጻድቅ ያለበትን ነገር ማን ድግምት ይለዋል?”

“ጢማቸው ረጅም ይሁን” አለ ጣሰው።

“ሻሻቸው ወደ ቀኝ ዘንበል ይበል” አለ ወልደተንሣኤ፤ እጁ ሰም ማድቦልቦል ጀምሯል።

ሲጨርሱ ከባዘቶ ጥጥ ጢም ያላቸው፣ ሻሻቸውን ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ ቅንድባቸው የተኮሳተረ አንድ ክንድ ቁመት ያላቸው አባት ቆሙ። ማንን እንደሚመስሉ ከሦስቱ አንዱም አልተናገረም፤ ከሦስቱ ለአንዱም አልጠፋውም። በጎጆዋ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ጊዜ ፊት ለፊት አስኬዷቸው። ሁለት ዓይናቸው እንደ ማለዳ ኮከብ ያበራ ነበር።

የገና ማግስት የግቢው ሰው ጥላ አልበቃው አለ። የሰም ሠራዊት ሊያይ ከአልዩ አምባ ጭምር የወጣ ነበር፤ አንዱማ ለማንኛውም ብሎ ጋሻውን ይዞ መጥቷል። ሰው ሁሉ እንዲያይ ሳንቃውን አግድም በሁለት ድንጋይ ላይ ዘረጉትና እስከ መሬት ቡሉኮ አለበሱት። ወልደተንሣኤና ጣሰው ከቡሉኮው ኋላ ተንበረከኩ። ታመነ መቋሚያውን ይዞ ፊት ለፊት ቆመ። የኔታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

“ምእመናን!” አለ ታመነ። “አንድ ስመታ ክደኑ፣ ሁለት ስመታ ግለጡ። ያጭበረበረ ሰሙ ይረግመዋል!”

መታ። ሦስት መቶ ሰው ዓይኑን ከደነ። ሁለት እጆች ከቡሉኮው ኋላ ብቅ ብለው ጥልቅ አሉ። መታ መታ። ተማሪው አንድ እርምጃ ተራምዷል። “ውይ!” አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማቸው። ተማሪው ከንፉጉ ደጅ ቆመ፤ ውሻው ጆሮውን አነሳ። የውሻው ጉዳይ የጣሰው ነበር። ውሻ ሳይናከስ በፊት የትኛውን ትከሻውን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ጅራቱ መቼ እንደሚቆም፣ ከሸዋ ሊቃውንት መሃል እንደ ጣሰው በሥጋው የተማረው የለም። ውሻው ባራት ምት ዘሎ የተማሪውን ባት ሲይዝ፣ ከግቢው ውጭ የነበሩ እውነተኞቹ ውሾች በደስታ ጮኹ። ሕዝቡም አብሮ ጮኸ።

“በለው! በለው ይሄን!” ይላል ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ።

“ያዘው! እንዳትለቀው!” ትላለች አንዲት ወይዘሮ።

ከቡሉኮው ኋላ ጣሰው ወደ ወልደተንሣኤ ጆሮ ተጠጋ። “ለውሻው እኮ ነው የሚያግዙት!”

“ተማሪ ስለሆነ ይሆናላ።”

“እውነትህን ነው” አለ ጣሰው፤ ብዙም አልገረመውም።

ጻድቁ አባት የሚገቡበት ምት ደረሰ። ወልደተንሣኤ አባትን ከሳንቃው ቀኝ ጫፍ አቆማቸው፤ ፊታቸውን ወደሚሄዱበት፣ ወደ ግራ አድርጎ። ታመነ መታ መታ። ሕዝቡ ገለጠ። እልልታ የጠበቀው ወልደተንሣኤ የሰማው ማጉረምረም ነው።

“ይሄ ደግሞ የማነው ክፉ?” አለ ሽማግሌው።

“አንድ ዓይን ነው ያላቸው!”

“ቆይ... ጢሙ የየኔታ አይደለም እንዴ?”

“ሻሹን አላየህም? ራሳቸው ናቸው!”

“ወይ የኔታ! ለካስ አንድ ዓይን ኖሯል!” አለች ወይዘሮዋ። “እኔስ ልጄን ባለፈው ሲገርፉብኝ ጠርጥሬያለሁ!”

ሦስት መቶ አንገት ከሰሙ አባት ወደ ሥጋው አባት ዞረ። አንዳንዱ ዓይናቸውን ይቆጥር ጀመር። የኔታ አልተነቃነቁም፤ ከጢማቸው በላይ ያለው ፊታቸው ግን የበሰለ በርበሬ መስሎ ነበር።

ወልደተንሣኤ ያየው ሁሉ ከጀርባ ስለነበር አንድም አልገባውም። ያስረዱት እማሆይ ደመቀች ናቸው። ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብለው፣

“አንተ ልጅ! አዙራቸው! በጎናቸው አስገብተህ እኮ ይሁዳ አደረግሃቸው! ፊታቸውን ወደ ሰው አዙር!” ብለው ጮኹ።

ጎጆዋ ውስጥ ፊት ለፊት ሃያ ጊዜ የሄዱት አባት፣ ሳንቃው አግድም ሲሆን በጎናቸው መታየታቸውን ያን ጊዜ ተረዳ። ውሻው ለምን እንደታገዘም ገባው።

“ክደኑ!” አለ ታመነ፣ መቋሚያውን ድንጋዩ ላይ ሊሰብረው ምንም አልቀረው።

ወልደተንሣኤ አንገታቸውን ይዞ ወደ ሕዝቡ ጠመዘዘ። ቀጭ! ቅዝቃዜው ሥራውን ሠርቷል። ሰውነታቸው ሳንቃው ላይ እንደቆመ፣ ራሳቸው ከነሻሻቸው እጁ ላይ ቀረ።

“ታመነ!” አለ በሹክሹክታ። “እንዳታስገልጥ!”

“እስከ መቼ?”

“አንገት እስኪያበቅሉ!”

ታመነ ጉሮሮውን ጠረገ። “ምእመናን ሆይ፣ ዓይናችሁን እንደከደናችሁ... አቡነ ዘበሰማያት በሉ!” ሕዝቡ ጀመረ። ወልደተንሣኤ ሰሙን በመዳፉ ቢያሽ አልሞቅ አለው። በብብቱ ቢያደርግ ጊዜ የለም። አማራጭ ሲያጣ የአባትን ራስ ከነጢሙ ጎረሰ።

ጸሎቱ አለቀ። “ሰላም ለኪ!” አለ ታመነ። እሱም አለቀ። “ስለ ዝናሙ!” ጸለዩ። “አንበጣ እንዳይመጣ!” ጸለዩ። “ስለ ነጋድያን! ስለ በቅሎዎቻቸው! ስለ አረርቲ ጤፍ!” በዚያች አንድ ክድን የተጸለየው ጸሎት ለሚመጡት ሁለት ዓመታት የሚበቃ ነበር። ከመሃል ባዘቶው የወልደተንሣኤን አፍንጫ ነካውና፣ “እጥሽው!” አለ።

“ይማርህ!” አለ ሦስት መቶ ሰው፣ ዓይኑን እንደከደነ።

በመጨረሻ አንገቱ ለሰሰ። ራሳቸውን ከትከሻቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ተከለና በምራቁ አርሶ አጣበቀው፤ ደረታቸውንም አብሮ አዞረ። ከእንግዲህ አንገታቸውን የነካ እንደገና ነቃይ ነው። ስለዚህ ይራመዱ ከተባለ መራመድ ያለባቸው በጎን ነው።

“ግለጡ!”

ሁለት ዓይን! ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የሰሙ አባት ሁለት ዓይናቸውን ሕዝቡ ላይ ተክለው፣ ከገደል አፋፍ ጠባብ መንገድ ላይ ጀርባውን ለዓለቱ ሰጥቶ እንደሚያልፍ ሰው፣ አንድ እግራቸውን በጎን፣ ሌላውን አስከትለው፣ ውሻው ዘንድ ደረሱ። ውሻው ተኛ። ንፉጉ ተንበረከከ። ተማሪው ቁራሽ አገኘ፤ አሁን እሱንም ፊቱን ስላዞሩት ሕዝቡ ሳያስበው ይወደው ጀመር።

“ጻድቅ እንዲህ ነው” አለ ሽማግሌው ለአጠገቡ ሰው። “መንገዱን እንኳ ሲሄድ ዓይኑን ከኛ አይነቅልም።”

የኔታ በዱላቸው ተመርኩዘው ተነሱ።

“ወልደተንሣኤ። ና ውጣ።”

ከቡሉኮው ኋላ ወጣ። ከንፈሩ ላይ ሰም፣ ጢሙ ላይ ባዘቶ ነበረበት።

“እኔ ዓይኔን አልከደንኩም” አሉ የኔታ። “ፍርድ ሊሰጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን አይከድንም። አገሩ ሁሉ ስለ በቅሎ ሲጸልይ እኔ አንተን ሳይህ ነበር።”

ወልደተንሣኤ ተንበረከከ።

“ራሴን ከአንገቴ ነቀልከው።”

“ይቅር ይበሉኝ የኔታ።”

“ከዚያ ጎረስከኝ።”

“ብርዱ ነው የኔታ...”

“ከዚያ አነጠስክብኝ!”

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ ሳል አደረገው።

“ጋኔን አያለሁ ብዬ መስቀሌን ጨብጬ ነበር የተቀመጥኩት” አሉ የኔታ ወደ ሕዝቡ ዞረው። “ያየሁት አራት እጅ፣ አንድ አፍንጫና ብዙ ምራቅ ነው። ጋኔን አያነጥስም፤ ቢያነጥስም ይማርህ አይባልም። ድግምት የለበትም። ደበሎህ እዚሁ ይቆያል፣ ተነስ።”

ወልደተንሣኤ ወዲያው አልተነሳም። እንባው ከሰሙ ጋር ተደባልቆበት ያን ሲጠርግ ቆየ። ታመነ ከኋላው በመቋሚያው ጎኑን ነካ አደረገው፤ ያኔ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

“ነገር ግን የኔታ፣” አለ ሽማግሌው፣ “ሲሄዱ አይተናል እኮ!”

“እሱ ነው የገፋቸው።”

“እኛ የሚገፋ አላየንም። እንዲያ ወዲህ ወዲያ እያሉ...” ሽማግሌው ተነስቶ በጎኑ እየተራመደ አሳያቸው። ሴቶቹ “እውነት ነው! እንደዚያ ነው!” አሉ። ባለ ጋሻውም ጋሻውን አስቀምጦ በጎን ተራመደ። እማሆይ ደመቀች ሳይቀሩ።

የኔታ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“እኔ እጅ ብቻ ነው ያየሁት” አሉ። “ስሄድ ግን አላየሁም። ከዚህ ሁሉ ሰው ስሄድ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ?”

ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

“ድገሙት።”

“ከመጀመሪያው ነው የኔታ?” አለ ታመነ።

“ውሻውን ተወው። እኔ ከምገባበት።”

ጣሰው ቅር እያለው ውሻውን አነሳ። ወልደተንሣኤ ከቡሉኮው ኋላ ገብቶ አባትን በቀኝ ጫፍ አቆማቸው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወደ ሕዝቡ አድርጎ። ታመነ መታ። የኔታ በሁለት መዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። መታ መታ። መዳፋቸውን አነሱ፣ አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ።

መታ። መታ መታ።

“ኧረ!” አሉ የኔታ።

መታ። መታ መታ።

“ኧረ መጣሁ! እማሆይ፣ መጣሁ እኮ! እዩኝ፣ ስመጣ እዩኝ!”

ሳቃቸው ወይራው ላይ የነበሩትን ወፎች አስነሳ። ከቡሉኮው ኋላ የተንበረከከው ወልደተንሣኤ ፊታቸውን ማየት አይችልም ነበር፤ ድምፃቸውን ብቻ እየሰማ፣ አንገታቸው እንዳይነቀል ትንፋሹን ውጦ፣ የሰሙን ግራ እግር አንድ ጣት ያህል ገፋ አደረገና እጁን ሰበሰበ።